ግራጫዎቹ ነጥቦች

ያን ቅዳሜ ረፋድ፣ ገበያው ተበትኖ ወለሉ በውሃ ከታጠበ በኋላ፣ በዓሣ መሸጫው አዳራሽ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ከፊት፣ በተገለበጡ የፕላስቲክ ሣጥኖች ላይ፣ ትንንሽ ጀልባ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ጆሮው የከበደው ሽማግሌ ሁሉም ካፒቴን የሚለው ነው። አጠገቡ ዓሣ የምትሸጠው ሴት ልጁ ክንዶቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ከነጩ ግድግዳ ሥር መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለችው የባሕር ምርምር ጣቢያው ኃላፊ አለች፤ ዶክተር ይሏታል። ከእሷ ጎን ፕሮጀክተሩን የምታስተካክል ወጣት ተመራማሪ አለች። በሩ አጠገብ ጫማው እንዳይረጥብ ደረቅ ቦታ መርጦ የቆመው ባለ ሙሉ ልብስ ሰውዬ፣ የትልልቆቹ መርከቦች ባለቤትና የተመራማሪዋ አባት ነው። በመጨረሻ ከኋላ፣ ከትልቁ ሚዛን ጀርባ ግማሽ ሰውነቱን የደበቀው የካፒቴኑ ልጅ ነበር። መልህቅ ይሉታል። አንድ ቦታ ከተቀመጠ አይነቃነቅም፣ ካልጠየቁት አይናገርም፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት በዚህ ነው።

ባሕረ ሰላጤው ለመረብ ይዘጋ እንደሆነ በዚያ ረፋድ ይነገራል። ከተዘጋ የካፒቴኑ ጀልባ ትቆማለች። ይህን አዳራሹ ሙሉ ያውቀዋል። አዳራሹ የማያውቀው፣ መልህቅ ያቺን ፕሮጀክተር የምታስተካክል ሴት እንደሚወዳትና ሐሙስ ዕለት ደግሞ ፊቱን አዙሮባት እንደሄደ ነው።

እሷ ቀና ብላ ከሰዎቹ ራስ በላይ ፈለገችው። አገኘችው። እሱ ሚዛኑን ማየት ጀመረ፤ ባዶ ሚዛን እንዲህ የሚታይ ነገር ያለው ይመስል።

* * *

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት፣ ነፋሱ መብረድ ሲጀምር ነው። የጣቢያው ጀልባ ከባድ ስለሆነች የባሕር ሣር ወደሚበቅልበት ጥልቀት የሌለው ውሃ መግባት አትችልም። ቀለል ያለች ጀልባ ተፈለገች። ካፒቴኑ ጀልባውን ሰጠ፤ ጉልበቱ እንቢ ስላለው ልጁንም አብሮ ሰጠ።

«ሞዴል የምትሠራ ሴት ትመጣለች» የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ወደቡ ደረሰ። ጎረምሶቹ ወሬውን እንደፈቀዳቸው ተረድተውት ጠጉራቸውን አበጥረው ጠበቁ። የመጣችው ግን እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ በሁለት እጇ ባልዲ ያንጠለጠለች፣ ባርኔጣዋን ነፋስ ነጥቋት ከኋላው የምትሮጥ ሴት ሆና ተገኘች።

«ይህች ናት እንዴ ሞዴሏ?» አለች የመልህቅ እህት ዓሣ መመዘኗን ትታ። «እንዲህ ከሆነማ እኔስ ምን ጎደለኝ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በወደቡ ስሟ ሞዴሏ ሆኖ ቀረ። ስትሰማው ከሁሉም በላይ የሳቀችው ራሷ ናት።

መልህቅ የተማረ ሰው ይፈራል። ትምህርቱን ያቆመው ገና በልጅነቱ፣ እናቱ ስትሞት ነው፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ የያዘ ሰው ሲያይ ቋንቋው ሁሉ የሚጠፋበት ይመስለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ይቀመጡ» እና «ጠበቅ አድርገው ይያዙ» ከሚሉት በቀር ሌላ ቃል ላለመናገር ቆርጦ ነበር። ያልጠበቀው ነገር መጣ። ጀልባዋ ከወደቡ አፍ ወጥታ ማዕበሉ ከሥር ሲያነሳት የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። ከንፈሯን ነክሳ፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጭና አድማሱን ትኩር ብላ ታያለች።

መልህቅ ያን ፊት ያውቀዋል። ግን ምን ይበላት? «አመመዎት?» ቢላት ታፍራለች። ዝም ብሎ ቢነዳ ነፍሷ ልትወጣ ነው። ሞተሩን አጠፋና ጀርባውን ሰጣት።

«ይኸው፣ ደግሞ ዐመልህን አነሳህ!» አለ ሞተሩን በመፍቻ እየቆረቆረ። «ምን ጎደለብህ? ትናንት ዘይትህን አልቀየርኩልህም? የአባቴን ጀልባ በእንግዳ ፊት ታዋርዳለህ? ውለታ ቢስ!»

ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። መልህቅ ግን ከኋላው የሚሰማውን የማስታወክ ድምፅ እንዳልሰማ ሆኖ፣ በዓመት የማይናገረውን በዚያች ሰዓት ተናገረ። ሞተሩን ሰደበው፣ መከረው፣ በመጨረሻም ለመነው። ከኋላው ጸጥ ሲል «እሺ፣ ታርቀናል» ብሎ አስነሳው።

ዞር ሲል ፊቷን ታጥባ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ሞተሩን አየችው። ቀጥላ እሱን አየችው፤ ረዘም አድርጋ።

«ሞተርህ ብዙ ጊዜ ይታመማል?»

«አንዳንዴ ነው።»

«እግዜር ይማረው» አለች።

በእነዚያ ወራት ሞተሩ ሳይታመም የዋለበት ቀን ጥቂት ነበር። ማታ ማታ መልህቅ ጀልባውን አስሮ ሲመለስ ያቺ የመጀመሪያዋ አስተያየት ትዝ ትለዋለች። ሰው አይቶት አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ግን እንደዚያ ተረድቶ፣ የተረዳውንም ሳያወጣበት የያዘለት ሰው አልነበረም። የረዳው እሱ ሆኖ፣ የምስጋና ስሜት ያደረበትም እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ለራሱም ማስረዳት አቃተው።

ባሕሩ ዝም ባለበት አንድ ቀን ደፈረና ጠየቃት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ሞዴል የሚሉት ነገር ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ ይቅርታውን ተው። ሁለተኛ እርስዎ ማለቱን ተው። እኩያህ አይደለሁም እንዴ?»

«እሺ» አለ፤ ያን ቀን ግን እርስዎም አንቺም ላለማለት ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ ሲያጣምም ዋለ።

ጠመኔ አውጥታ በጀልባዋ ጣውላ ላይ ሣጥኖች ሳለች። «ሐኪም ሰው ሲታመምበት ወዲያው ቀዶ አያይም። ትኩሳቱን ይለካል፣ የልብ ምቱን ያዳምጣል፣ ከዚያ ውስጡ ምን እንደሆነ ይገምታል። እኛም ባሕሩን አፍስሰን ማየት አንችልም። የምንችለውን እንለካና የቀረውን በሒሳብ እንገነባለን። ይህ ከታች ያለው ሣጥን ሣሩና በዓይን የማይታዩት የውሃ ዕፅዋት ናቸው። እነሱን ደቃቃ እንስሳት ይበሏቸዋል። ደቃቆቹን ትንንሽ ዓሣ፣ ትንንሾቹን ትልልቅ ዓሣ። ወፎቹ ደግሞ እዚህ። ከታች ከሚተካው በላይ ከላይ ከተበላ ባሕሩ ታሟል ማለት ነው። ሕመሙ ዓሣው ከማለቁ በፊት እዚህ ሣጥኖቹ ላይ ይታያል፤ ሥራዬ እሱን ቀድሞ ማየት ነው።»

«እኛስ? እኛ የለንበትም?»

«እንዴት የላችሁበትም!» ከሁሉም በላይ ጀልባ ሳለች። ከየሣጥኑ ቀስት ወደ ጀልባዋ ወጣ። «እናንተ እዚህ ናችሁ። ከሁሉም የምትበሉ፣ ማንም የማይበላችሁ።»

መልህቅ ሥዕሉን ቆይቶ አየው።

«እኔን የሚበላኝ የለም የሚል ሰው እህቴን አያውቃትም።»

ጠመኔው ከእጇ አምልጦ ባሕር እስኪገባ ድረስ ሳቀች። የተማረ ሰው አሳቀ። ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱ አጭር ሆኖበት ሁለት ጊዜ ዞረው።

እርስዎ የሚለው ቃል የወደቀው በሌላ ቀን ነው። መረቡን ከሣሩ ላይ ቀስ ብለው እየጎተቱ ሳሉ የጎን ማዕበል መጣ፤ እሷ ጎንበስ ብላ ባልዲ ውስጥ ያሉትን የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች እያየች ነበር።

«አንቺ! ያዢ!» ብሎ ጮኸና ክንዷን አፈፍ አደረገ።

ማዕበሉ አለፈ። እጁ ግን ክንዷ ላይ ቀረ። ሁለቱም አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ።

«በስተመጨረሻ!» አለች። «አንቺ ለመባል መስጠም ነበረብኝ?»

የፍቅር ቃል በመካከላቸው አልተነገረም። እሷ የባለመርከቡ ልጅ ናት፤ እሱ የካፒቴን ልጅ ነው፤ ያውም ካፒቴንነቱ የቅጽል ስም ነው። ናሙና የመሰብሰቡ ሥራ ባለቀ ቀን ባልዲዎቹ ወርደው፣ ጠርሙሶቹ ተጭነው፣ እሷ ብቻ ከጀልባው አልወርድ አለች።

«ሥራው አለቀ» አለች።

«አለቀ።»

«ሞተሩን ማን ያነጋግረዋል?»

መልህቅ የታሰረውን ገመድ ፈትቶ እንደገና አሰረው።

* * *

ሐሙስ ዕለት ጀልባው ላይ የቀረ ባልዲ ሊመልስ ወደ ጣቢያው ሄደ። ባልዲው ሰበብ ነው። ፂሙን ተላጭቶ ባልዲ የሚመልስ ሰው የለም።

በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የባሕረ ሰላጤው ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። በላዩ ላይ ነጥቦች ተረጭተዋል፤ በጥልቁ በኩል ቀያይ፣ በባሕሩ ሣር ዙሪያ ግራጫ። መልህቅ ቦታዎቹን አንድ በአንድ ለያቸው። ይህ ክንዷን የያዘበት ነው። ያ ጠመኔው የሰጠመበት ነው። ፈገግ አለ።

«የቀለሙ ትርጉም ምንድን ነው?» ብሎ በዚያ የሚያልፈውን የላቦራቶሪ ሠራተኛ ጠየቀው።

«ቀዩ ሞዴሉ ውስጥ የገባ ናሙና ነው። ግራጫው የወጣ።»

«የወጣ ማለት?»

«ያልታመነ። የተጣለ» አለ ሰውዬው ሳይቆም። «ውጤቱማ ጥሩ አይደለም። በቀዮቹ ሲሰላ ባሕሩ በጠና ታሟል። ለመረብ ሁሉ ይዘጋል መሰለኝ፤ ቅዳሜ ትሰማላችሁ።»

ግራጫዎቹ ሁሉ የእሱ ነበሩ። ከእሱ ጀልባ፣ በእሱ እጅ የተጎተቱ። ጥፍር የሚያካክሉት ዓሦች፣ ባልዲ ሙሉ ሕይወት፣ ሁሉም ግራጫ።

ቤት ገብቶ ለእህቱ ነገራት፤ ባይነግራት ይሻለው ነበር።

«ምን ይገርምሃል?» አለች። «አባቷ ማን ሆነና ነው? የእነሱ መርከቦች ከባሕረ ሰላጤው ወጥተው ማጥመድ ይችላሉ፤ እኛ ስንቆም ገበያው ለማን ሊሆን ነው? ሞኝ! አንተ ደግሞ ፂምህን ትላጭላታለህ።»

እህቱ ያለችውን አላመነም። የባለመርከቡን ልጅ ባሕር ሲያጥወለውላት አይቷል፤ ለአባቷ ብላ የምትዋሽ ሴት ለአንዲት ባልዲ ያን ሁሉ ሥቃይ አትችልም። እሱ ያሰበው ከዚህ የባሰ ነበር። አላመነችኝም አለ በልቡ። የአባቴን ጀልባ ላድን ብዬ በባልዲው ውስጥ ዓሣ የጨመርኩ መሰላት። ከሳቃችን ሁሉ በኋላ፣ ሌባ መሰልኳት።

ለሥራው ከጣቢያው የተሰጠውን የብርቱካን ቀለም የመንሳፈፊያ ጃኬት አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጣጥፎ እንደገና ወደ ጣቢያው ሄደ። በሩ ላይ አገኛት። ስታየው ፊቷ በራ፤ ጃኬቱን ስታይ ጠፋ።

«የመሥሪያ ቤቱ ነው» አለ። «ለሁሉም ነገር አመሰግንዎታለሁ።»

አመሰግንዎታለሁ። እሷ ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ካርታው ዞረች፤ ከዚያ ወደ እሱ። ምን እንዳየ ገባት። እሱ ግን ሄዶ ነበር።

ማምሻውን ስልኩ ላይ መልእክት መጣ። «ላስረዳህ። እባክህ።» ደጋግሞ አነበበው፤ እባክህ የምትለዋ ቃል በተለይ አላስተኛ አለችው። አልመለሰም። የሚመልሰው ነገር ሁሉ ልመና ይመስለው ነበር።

* * *

አሁን ዶክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ሰዎቹን ዝም አሰኘች።

«ውጤቱን የምነግራችሁ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ይህች ባልደረባዬ የምትነግራችሁ አላት። ስህተቱ የእሷ ነው፤ አፉም የእሷ ይሁን ብያታለሁ።»

ግድግዳው ላይ ካርታው በራ። ቀይና ግራጫ። የመልህቅ እህት «ይኸውላችሁ» ብላ አጉረመረመች።

ሞዴሏ ወደ ፊት መጣች። ያዘጋጀችውን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«እነዚህ ግራጫ ነጥቦች ከባሕሩ ሣር የመጡ ናሙናዎች ናቸው» አለች። «ከሞዴሉ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። የጻፍኩት ምክንያት፣ መረቡ ከጣቢያው መረብ ይለያል፣ ለማነጻጸር አይመችም የሚል ነው። እውነት ይለያል። ግን ልዩነቱን የምናስተካክልበት ስሌት አለ፤ ከሌላ ሰው ጀልባ ቢመጡ ኖሮ አስተካክዬ አስገባቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላስገባሽም?» አለ አንዱ አጥማጅ።

«አባቷን ጠይቀው» አለች የመልህቅ እህት።

በሩ አጠገብ ባለመርከቡ እግሩን ቀየረ። ሞዴሏ ግን ወደ አባቷ አላየችም። ወደ ሚዛኑ ነበር የምታየው።

«ናሙናዎቹ ጥሩ ነበሩ። ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ። ባልዲው ውስጥ ትንንሽ ዓሣ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ስለ ባሕሩ ብቻ አልነበረም ደስታው። የዚህ ሰው አባት ጀልባ አትቆምም እያልኩ ነበር። አንድ ቀን ደስታዬን ራሱን ፈራሁት። ይህን የማየው ስላለ ነው ወይስ ስለምፈልገው? አልኩ። ለእሱ አደላች እንዳይሉኝ፣ እኔም ራሴ እንዳልል፣ የእሱን ሁሉ አወጣሁ። ሐቀኛ የሆንኩ መሰለኝ። ባሕሩን ግን ያለ ልጆቹ ቆጠርኩት፤ መሃን ነው ብዬ ልፈርድበት ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ። ያ ሰው አንድም ዓሣ አልጨመረም፣ አንድም አልደበቀም። ጥፋቱ...» ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንደገና ያዘችው። «ጥፋቱ የመጣው እኔ ስለምወደው ነው።»

ሚዛኑ ጀርባ ያለው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

ካፒቴኑ ወደ ሴት ልጁ ዘንበል አለ።

«ምን አለች?»

«ልጅህን እወደዋለሁ አለች፣ አባባ!»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ ሽማግሌው ጮክ ብሎ። «ፂሙን ሲላጭ አይደለም እንዴ የከረመው? ስለ ባሕሩ ምን አለች?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሞዴሏም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። በዚያ ሳቅ መካከል የመልህቅ እህት ተነሳች፤ የተቀመጠችበትን ሣጥን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ፊቷ ድረስ አመጣችላት።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «ብዙ ቆመሻል።»

ዶክተሯ ቀጠለች። ልጅቷ ዓርብ ማለዳ መጥታ ሁሉን እንደነገረቻት፣ መጀመሪያውኑ ባለመናገሯ እንደተቆጣቻት፣ ከዚያ ሥራውን ከእጇ ተቀብላ ራሷ እንደገና እንዳሰላችው ተናገረች። ግራጫዎቹ ሲገቡ ሥዕሉ ተለወጠ። ባሕሩ አልሞተም። ሣሩ ሕያው ነው፤ ትንንሾቹ የሚያድጉበት እዚያ ነው። ጥልቁ ግን ደክሟል፤ ከሚተካው በላይ ተወስዶበታል። ስለዚህ የጣቢያው ምክር ይህ ነው አለች፤ ሣሩ ላይ ማንም መረብ አይጎትት፤ ጥልቁ ለትልቅ መርከብም ለትንሽ ጀልባም ተዘግቶ ይረፍ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ውሃ ቀዳዳው ሰፊ መረብ ለያዙ ትንንሽ ጀልባዎች ክፍት ይሁን።

የመልህቅ እህት ይህን ሁሉ በካፒቴኑ ጆሮ ደገመችለት። ጥልቁ የእሱ ቦታ ነበር። ሚስቱን በሕይወት ሳለች ይዟት ይወጣ የነበረው ወደዚያ ነው፤ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር መረብ የጣለውም እዚያ።

«ታሟል ነው የምትሉኝ?» አለ።

«ታሟል፣ ካፒቴን» አለች ዶክተሯ።

«ሞቷል እንዳትሉኝ ነበር የፈራሁት።» በዱላው ተደግፎ ተነሳ። «ታሞ ከሆነ እንጠብቀዋለን። እኔም ጉልበቴን እየጠበቅኩት ነው። አመሰግናለሁ፣ ልጄ፤ ደግመሽ ስላየሽልን።»

ልጄ ያላት ዶክተሯን አልነበረም።

* * *

ሰው ሲወጣ ባለመርከቡ ሚዛኑ ጋ መጣ። ጫማው በመጨረሻ ረጥቧል።

«አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሕፃን ሳለች በመርከብ ይዣት ብወጣ እያለቀሰች አስመለሰችኝ፤ ባሕር ጠልታ ነው ያደገችው። ያን ሁሉ ወር ማን ያዛት?»

መልህቅ አሰበ። «ማንም አልያዛትም። ራሷን የያዘችው ራሷ ናት። እኔ ጀልባውን ነው ያቆምኩት።»

ባለመርከቡ ቆይቶ አየው፤ መርከብ ሊገዛ እንደሚያይ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ አጠገባቸው ወደ መጣችው ሴት ልጁ ዞረ።

«ጥልቁን ዘጋችሁብኝ» አላት። «እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን። ይህንን ደግሞ ለእናትሽ እኔ አልነግራትም። ራስሽ ንገሪያት።» ከበሩ ሳይደርስ ቆመና ሳይዞር «ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለ።

መልህቅና ሞዴሏ ጀልባዋ በታሰረችበት የወደቡ ጠርዝ ላይ ተገናኙ። ውሃው ዝም ብሏል። እሷ የታጠፈውን የብርቱካን ጃኬት ይዛለች።

«ይህን ረስተኸው ሄድክ» አለችው።

ተቀበላት። እጁ ላይ ከበደው፤ ከጃኬቱ በላይ የሆነ ነገር ከበደው።

«ሌባ የመሰልኩሽ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ራሴን ነው ያላመንኩት። አንተንማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አምንሃለሁ። ሞተርህ አንድ ቀን እንኳ ታሞ እንደማያውቅ ያላወቅኩ መሰለህ?»

መልህቅ መሬት መሬት አየ። ጉሮሮው ላይ ለወራት የተቀመጠው ነገር ተነቃነቀ።

«ሐሙስ ዕለት አመሰግናለሁ ያልኩሽ ምስጋና አልነበረም። በር መዝጋት ነበር። አሁን እውነተኛውን ልበልሽ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እዚህ ባሕር ላይ ነው ያደግኩት። ግን ዓሣውን ብቻ ነበር የማየው። ሣሩን አረም ነበር የምለው፤ ሞተሬ ላይ የሚጠላለፍ አረም። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ በላዩ ሳልፍ ቀስ እላለሁ፤ የተኙ ሕፃናት ያሉበት ክፍል ይመስለኛል። ይህን ያየሁት በአንቺ ዓይን ነው። ትምህርቴን ሳቆም የቀረብኝን ነገር ጀልባዬ ድረስ ይዘሽልኝ መጣሽ፤ አንድ ቀን እንኳ አላዋቂ ነህ ሳትይኝ። ለዚህ አመሰግናለሁ። እና...»

«እና?»

«እና እወድሻለሁ። ይህችን ለማለት ስንት ጊዜ ሞተር አጠፋሁ መሰለሽ።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መልህቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት አይችልም፤ ፈጥኖ ጀርባውን አዞረና ወደ ጀልባው ጎንበስ አለ።

«ይኸው፣ ይህ ሞተር ደግሞ ዛሬም...»

«ተው» አለች ከኋላው፤ እጅጌውን ያዘችው። «ከሰው ሁሉ ደብቀህ ጠብቀኸኛል፤ አመሰግናለሁ። ዛሬ ግን ዞር አትበል። እየኝ።»

ዞረ። እንባዋ እስኪያልቅ ድረስ አያት፤ እሷም የእሱን አየች። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ፣ እንደዚያም ደስ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዶክተሯ ዳግም የማዳላት ፍርሃት እንዳይኖር የባሕረ ሰላጤውን ሞዴል ለራሷ ይዛ ሞዴሏን ወደ ሌላ ባሕረ ሰላጤ መደበቻት። ሰኞ ጠዋት ሞዴሏ በአውቶቡስ ሄደች። ካፒቴኑና ልጁ መረባቸውን ቀዳዳው ሰፊ በሆነ መረብ ቀይረው በመካከለኛው ውሃ ላይ ጣሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ እሷን ይዞ ተመለሰ፤ መልህቅ ፂሙን ተላጭቶ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ነበር።